ልጄ ዶርም ላይ ያየሁት ስም እና የቤት አበሌ

ጡረተኛዋ ሳጅን
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን መጻፍ አሰኘኝ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ባለፈው ነሐሴ ልጃችንን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አደረስናት። ኢታካ፣ ኒውዮርክ። መኪናው በአንሶላ፣ በሽሮ፣ በበርበሬና በትንሽዬ ማቀዝቀዣ ታጭቆ ከቨርጂኒያ ሌሊት ነው የተነሳነው። የደረሳት ዶርም ሩት ባደር ጊንስበርግ ሆል ይባላል። መጀመሪያ የሴቶች መብት ጠበቃ፣ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በነበሩት ሴት ስም ነው የተሰየመው። ከግቢው በስተሰሜን ከተሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች አንዱ ነው። በ2022 ነው የተከፈተው።

ባሌ ሳጥን ተሸክሞ ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ ደጅ ላይ ቀረሁ። ስሙን አየሁትና እንባዬ መጣ። ልጄ ደንግጣ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «እኚህ ሴትዮ ባይኖሩ በአባትሽ ስም የቤት አበል አላገኝም ነበር» አልኳት። «እሳቸው የሴቶች መብት ናቸው እንጂ ከወታደር ደሞዝ ጋር ምን አገናኛቸው?» አለች። አልፈረድኩባትም። ፊታቸውን በቲሸርት ላይ ስታየው ነው ያደገችው። ጉዳዩን ግን ማንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2005፣ የአሜሪካ ወታደር ሳለሁ፣ ለእረፍት አዲስ አበባ ሄጄ ተጋባን። ባሌ አስተማሪ ነበር። የራሱ ደሞዝ ነበረው፣ ከእኔ ሳንቲም አይጠብቅም። ተመልሼ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን አስተረጎምኩና ደሞዝ ክፍል ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ልጅ አንድ ፎርም ሰጠኝ። 5960 ይሉታል። የባሌን ስም ሞላን፣ የተጋባንበትን ቀን ሞላን፣ ፈረምኩ። «ባልሽ ስንት ያገኛል?» ያለኝ የለም። «ከወጪው ምን ያህሉን አንቺ ትችያለሽ?» ያለኝም የለም። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ በኋላ አበሌ በባለትዳር ተመን ገባ።

ከዚያ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቀደም ብሎ ሻሮን ፍሮንቲየሮ የምትባል የአየር ኃይል መቶ አለቃ ነበረች። ሥራዋ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ፣ ማክስዌል የጦር ሰፈር ሆስፒታል ውስጥ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ናት። ባሏ ተማሪ ነው። እንደ እኔ ለባሏ የቤት አበልና ሕክምና ጠየቀች። ከለከሏት። ወንድ ወታደር ሲያገባ ሚስቱ ሀብታምም ትሁን ደሃ ያለ ጥያቄ ጥገኛው ተብላ ትመዘገባለች። ሴት ወታደር ስታገባ ግን ከባሏ ወጪ ከግማሽ በላዩን እንደምትችል በማስረጃ ማሳየት አለባት። ሕጉ እንዲህ ነበር የተጻፈው።

ሞንትጎመሪ ላይ ሦስት ዳኞች ተሰይመው 2 ለ 1 ፈረዱባት። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1973 የሻሮን ጠበቃ ተናገረ። ከእሱ ጋር ሩት ባደር ጊንስበርግ 10 ደቂቃ ተሰጣቸው። እዚያ ችሎት ፊት ቆመው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ከጭንቀት ብዛት ምሳ አልበሉም። ዘጠኝ ወንዶች ተቀምጠዋል። በዚያ 10 ደቂቃ ውስጥ አንዳቸውም ጥያቄ አልጠየቁም። እየሰሙኝ ይሁን አይሁን አላወቅኩም ነበር ብለው በኋላ ተናግረዋል። ሜይ 14 ቀን 1973 ውሳኔው ወጣ፤ 8 ለ 1። ያ የግማሽ ጥያቄ ለሴቶች ብቻ መቅረቡ ቀረ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ተማሪ በየቀኑ በሚገባበትና በሚወጣበት በር ላይ የአንድ ሰው ስም ሲሰቀል፣ ስሙ ብቻ ይበቃል? ወይስ ሰውየው የሠራው ነገር፣ ቁጥሩም ወረቀቱም ሳይቀር፣ አብሮ መታየት አለበት?

ሒሳብ ሠሪው
እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ለልጅሽም መልካም ትምህርት።

የሙያ ነገር ሆኖብኝ ውሳኔውን ፈልጌ አነበብኩት። ቁጥሮቹ እዚያው አሉ። የባልየው ወጪ በወር ወደ 354 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 205 ዶላሩ በቀድሞ ወታደርነቱ ከሚያገኘው ጥቅማ ጥቅም ይመጣል። የ354 ግማሽ 177 ነው። እሱ ራሱ 205 ከቻለ ከግማሹ በ28 ዶላር አለፈ ማለት ነው። በወር 28 ዶላር! ለዚህች ነው መኮንኗ «ባልሽ ጥገኛሽ አይደለም» የተባለችው።

ደግሞ የገረመኝ የመንግሥት መከራከሪያ ነው። ወንዱን ሁሉ «ሚስትህ በእርግጥ ጥገኛህ ናት?» ብሎ መጠየቅ ሥራ ያበዛል፣ ወጪ አለው፣ ስለዚህ የወንዶቹን ዝም ብለን እናልፋለን ነው ያሉት። ቢሮ ለሚሠራ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ሥራ ለማቅለል ተብሎ የሚወጣ ደንብ ሁልጊዜ የሆነ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ለጥያቄሽ የእኔ መልስ፦ ቁጥሩ መታየት አለበት። 354፣ 205፣ 177። ግድግዳው ላይ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያየ ልጅ ራሱ ይደምራል፣ ራሱ ይናደዳል።

ባለ ማኅደሩ
ሳጅን፣ ጽሑፍሽ ልቤን ነክቶታል። ግን አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልቃወም። እኔ በጦር ሠራዊቱ የሕግ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። እኛ ጃግ ነው የምንለው። የወታደር ሕግ ሲነሳ ሰው ሁሉ ዳኛ ጊንስበርግን ብቻ ሲጠራ ያመኛል። እሳቸው የደንብ ልብስ ለብሰው አያውቁም። የጦር ፍርድ ቤት ክስ ይዘው አያውቁም። ከውጭ ሆነው ነው የታገሉት። ትልቅ ነው፣ አልካድኩም። ግን ከውስጥ ሆነው መንገድ የጠረጉስ?

ፊሊስ ፕሮፕ የምትባል ጠበቃ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1944፣ በምድር ጦሩ የመጀመሪያዋ ሴት የሕግ መኮንን ሆነች። ስሟን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ቀጥሎ ዘመኑን ቁጠሩ። የሕግ ክፍሉ የተቋቋመው በ1775 ነው። በሴት መመራት የጀመረው ሌተና ጄኔራል ፍሎራ ዳርፒኖ በ2013 ሲሾሙ ነው። 238 ዓመት! ባሕር ኃይሉ በአንድ ዓመት ቀድሞ ናኔት ዴሬንዚን ሾሟል።

የእኛ ትምህርት ቤት ቻርሎትስቪል ነው፤ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ። ለኮርስ ተልኬ ሄጃለሁ። እዚያ ስሄድ የማስባት ግን ጠበቃም አልነበረችም። ሻሮን ስዋርትዎርዝ ትባላለች። የሕግ ክፍሉ ከፍተኛ ዋራንት ኦፊሰር ነበረች። ጠበቆቹ ሥራ መሥራት እንዲችሉ ቢሮውን፣ ሰዉን፣ መሣሪያውን የምታንቀሳቅስ። ኖቬምበር 7 ቀን 2003 ቲክሪት፣ ኢራቅ ውስጥ የተሳፈረችበት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ወደቀ። 6 ሰው ነው የሞተው። ከእሷ ጋር የእኛው ክፍል ዋና ሳጅን ሜጀር ኮርኔል ጊልሞርም ነበር። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ስልኩ እየጮኸ ለረጅም ጊዜ ማንም አላነሳውም። የሕግ ሰው ወረቀት ብቻ የሚያገላብጥ ለሚመስለው ይህን ነው የምነግረው።

ስለዚህ መታሰቢያ ካቆማችሁ ለእነዚህም አቁሙ።

ጡረተኛዋ ሳጅን
ወንድሜ ባለ ማኅደሩ፣ ይህን ስላነሳህ አመሰግንሃለሁ። ስዋርትዎርዝን አላውቃትም ነበር። አሁን አወቅኳት። በ2003 እኔ ገና አዲስ ወታደር ነበርኩ፤ ያን ሄሊኮፕተር በዜና ሰምቼው አልፌ ነበር።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ጊንስበርግ ከውጭ ብቻ አልነበሩም። የወታደር ሚስት ነበሩ። ከኮርኔል በ1954 እንደተመረቁ ባላቸው ማርቲን ለውትድርና ተጠሩ። ኦክላሆማ፣ ፎርት ሲል ሄዱ። ሁለት ዓመት። ፎርት ሲል እኔም ነበርኩ፤ ንፋሱን የሚያውቅ ያውቀዋል። እሳቸው እዚያ የማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ተቀጠሩ። አርግዣለሁ ሲሉ ለሥልጠና መጓዝ አትችይም ተብለው ከደረጃ 5 ወደ ደረጃ 2 ወረዱ። ደሞዛቸውም አብሮ ወረደ። ሰው ያልቀመሰውን አይጽፍም። እኔ እንደዚያ ነው የማስበው።

ነርሷ ከዳላስ
እትዬ ሳጅን፣ እኔ ደግሞ ሌላ ሴት ላምጣ። ሻምበል ሱዛን ስትራክ። የአየር ኃይል ነርስ ነበረች። በ1970 ቬትናም እያለች አረገዘች። ደንቡ ያረገዘች መኮንን ቶሎ ትሰናበት ይላል። በጦር ሰፈሩ ሆስፒታል ግን ማስወረድ ይቻል ነበር። ማለትም ወይ አስወርጂ፣ ወይ ሥራሽን ተይ። እሷ ካቶሊክ ናት፣ አላስወርድም አለች። የተጠራቀመ የእረፍት ጊዜዬን ተጠቅሜ እወልዳለሁ፣ ልጁን በማደጎ እሰጣለሁ፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ አለች። እምቢ አሏት።

ጉዳዩን የያዙት ጊንስበርግ ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 መከር ላይ እሰማለሁ ካለ በኋላ አየር ኃይሉ ስንብቱን ሰረዘላት። ክርክሩ ሳይሰማ ተዘጋ። ጊንስበርግ ጉዳዩ በሕይወት እንዲቆይ የቀረብሽ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቋት። ፓይለት መሆን ሕልሜ ነበር አለች። ሁለቱም ሳቁ። ያኔ አየር ኃይሉ ለሴት የፓይለት ሥልጠና አይሰጥም ነበርና። ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ በ1976፣ ሴቶች ሥልጠናውን ጀመሩ።

እኔ ነርስ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ አንድ አለቃ ነበረኝ፤ የትና ማን እንደሆነ ይቅር። የሌሊት ተራዬን ቀይሪልኝ ብዬ ስለምነው «ማርገዝ የራስሽ ውሳኔ ነው» አለኝ። ያን ቀን የሱዛንን ታሪክ ባውቅ ኖሮ ዝም ብዬ አልወጣም ነበር። ሌላው ቢቀር ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር። ሳጅን ያለችው ለዚህ ነው እውነት የሚሆነው። ስም ብቻ ካየሁ አንገቴን ነቅንቄ አልፋለሁ። ጉዳዩን ካወቅኩ ይዤው እሄዳለሁ።

ከቤር ሼቫ
ሰላም ከእስራኤል። እኔ ሦስት ዓመት በሠራዊቱ አገልግያለሁ፣ አሁን ተማሪ ነኝ። እኛ ጋ ይህን የመሰለ ጉዳይ አሊስ ሚለር ይባላል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣች የአውሮፕላን መሐንዲስ ናት። አየር ኃይሉን የፓይለት ፈተና ልቀመጥ አለች፣ ሴት አንቀበልም አሏት። በ1995 ከፍተኛው ፍርድ ቤት 3 ለ 2 ፈረደላት። ፈተናውን ተቀምጣ በጤና ምክንያት አላለፈችም። ግን በሩ ተከፈተ። በ2000 ሕጉ ተሻሽሎ ሴቶች በማንኛውም የሠራዊቱ ሥራ እኩል መብት አላቸው ተባለ።

ለባለ ማኅደሩ ጥያቄ መልስ የሚሆነኝ አንድ ነገር አለ። ከሦስቱ ፈራጆች አንዷ ዳኛ ዳሊያ ዶርነር ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በሠራዊቱ የሕግ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት አገልግለው ኮሎኔል የደረሱ ናቸው። የውስጡንና የውጩን ለምን እንለያያለን? የውስጡን የምታውቅ ሴት ናት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በሩን የከፈተችው።

ስድስት ኪሎ
እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነኝ። እናንተ ስለ ግድግዳ ስትጽፉ እኔ በየቀኑ የማልፍበት ሐውልት ትዝ አለኝ። የየካቲት 12 ሐውልት ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ነው። እዚያ ላይ ያለው ስምና ቀን ብቻ አይደለም። ዙሪያውን ጭፍጨፋው ተቀርጿል። የወደቁት፣ የሚገደሉት፣ የሚያለቅሱት። አንድ ቀን ታክሲ ስጠብቅ አንድ ትንሽ ልጅ የአባቱን እጅ እየጎተተ «ይሄኛው ምን እያደረገ ነው?» ሲል ሰማሁ። አባትየው ጎንበስ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ታክሲዬ መጥቶ ተሳፈርኩ፣ እነሱ ገና እዚያው ነበሩ። ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም ነበር።

ሌላው፣ እኛ ሕገ መንግሥት ላይ አንቀጽ 35 አለን። የሴቶች መብት። ለፈተና በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን የአንዲት ሴት ስምና የአንዲት ሴት ደሞዝ ይዞ የመጣ ጉዳይ ስሰማ ነው አንቀጹ ሥጋ የሚለብስልኝ። የእናቴ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ለወንድ ሠራተኞች ሚስትና ልጆች የሕክምና ወጪ ይሸፍን ነበር። ለእናቴ ግን አባቴን አልሸፈነላትም። «ባል አለሽ እኮ፣ ምን ቸገረሽ» ይሏት ነበር። አባቴ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ የወርቅ ሀብሏን ሸጣ ነው የከፈለችው። እትዬ ሳጅን፣ ስለ ፍሮንቲየሮ የጻፍሽውን ትናንት ማታ አነበብኩላት። «ስንት ዓመት ነው ያልሽው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

የ81 ሾፌር
አቋርጬ ልግባ። ሎንግ ሆል፣ የረጅም ርቀት ጭነት መኪና ነው የምነዳው። ሃይዌይ 81 ላይ ቨርጂኒያን ሳቋርጥ ሌክሲንግተንን አልፋለሁ። ቪ.ኤም.አይ. የሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ያለው እዚያ ነው። በ1839 ነው የተቋቋመው፣ ሴት አይቀበልም ነበር። ጁን 26 ቀን 1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 1 ሲወስን ውሳኔውን የጻፉት ጊንስበርግ ናቸው፣ ያኔ ዳኛ ሆነው። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ገንዘብ ትቼ የግል ልሁን ወይ ብሎ ድምፅ ሰጥቶ፣ 9 ለ 8 ነው ሴት እንቀበል ያለው። በአንድ ድምፅ። በ1997 30 ሴቶች ገቡ። በ2017 ጊንስበርግ ራሳቸው ሄደው ለተማሪዎቹ ንግግር አድርገዋል። የዚያ ትምህርት ቤት ወጣት ሴት ካዴቶች ዩኒፎርም ለብሰው ከተማው ውስጥ ሲሄዱ አይቻለሁ። ሰላምታ እየተሰጣጡ፣ ቦርሳ አንጠልጥለው፣ እንደማንኛውም ተማሪ። ለእኔ ከድንጋይ በላይ መታሰቢያ እነሱ ናቸው።

ባለ ማኅደሩ
ሳጅን፣ የፎርት ሲሉን ታሪክ አላውቅም ነበር። የቤር ሼቫዋ እህቴም ትክክል ናት። ቃሌን አሻሽላለሁ። ውስጥና ውጭ ብዬ መክፈሌ ልክ አልነበረም። የስዋርትዎርዝ ነገር ግን አሁንም እዚያው ላይ ነኝ። ጠበቃ ላልሆኑትም ቦታ ይኑር። ጉዳይ የሚያሸንፍ ሰው ጀርባ ፋይሉን የሚያደራጅ ሰው አለ።

ሒሳብ ሠሪው
ለባለ ማኅደሩ እጄን አውጥቻለሁ። ፋይል ያደራጀ ያውቀዋል።

ጡረተኛዋ ሳጅን
ተመልሼ መጣሁ። ይቅርታ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስትጽፉ ማታ ማታ ለባሌ እያነበብኩለት ነበር። የስድስት ኪሎዋ ልጅ፣ እናትሽን ሳሚልኝ።

ባሌ የሒሳብ ሠሪውን መልስ ሲሰማ ብዕር አነሳ። በ2005 የነበረውን ሒሳብ መሥራት ጀመረ። የአስተማሪ ደሞዙን፣ ለወላጆቹ ቤት የሚያዋጣውን፣ የታክሲውን፣ የመጽሐፉን። ያኔ ከእኔ ምንም አይወስድም ነበር። መቶ በመቶ ራሱን ይችል ነበር። «እኔ ከፍሮንቲየሮ ባል የባስኩ ነኝ» አለኝ። «ቢጠይቁሽ ኖሮ ወድቀሽ ነበር።» እውነቱን ነው። ያ አበል ደግሞ ምን እንደሆነ አሁን ልንገራችሁ። አበሉን አጠራቅሜ ነው የአውሮፕላን ትኬቱን የገዛሁት፣ መጥቶ ፓርኪንግ ጋራዥ ሥራ እስኪያገኝ አፓርታማችንን የያዝነው። ልጃችን የተወለደችው እዚያ አፓርታማ ውስጥ እያለን ነው።

ቅዳሜ ዕለት ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን የወረቀት ካርቶን አወረድን። ከአሮጌ የዝውውር ትእዛዝና ከክትባት ካርድ መሐል 5960 ፎርሜ ኮፒው ተገኘ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ፊርማዬ አለ። የባሌ ስም ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታለች፤ ደሞዝ ክፍል የነበረው ልጅ ነው የጻፈው፣ እኔም አላየሁትም። ባሌ ስሙን በጣቱ እየነካ «ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የምጠራው?» አለ።

ፎርሙን ስካን አድርገን ከፍሮንቲየሮ ውሳኔ የመጀመሪያ ገጽ ጋር ለልጃችን ላክንላት። እሑድ ፎቶ ላከችልን። ሁለቱንም አትማ ጎን ለጎን ዶርሟ በር ላይ ለጥፋቸዋለች። ከሥራቸው በእጇ 354፣ 205፣ 177 ብላ ጽፋለች። ፎቶው ላይ አንዲት የማላውቃት ልጅ ጀርባ ይታያል፤ ቦርሳዋን እንዳዘለች ቆማ እያነበበች ነው።